የኦቦ በዳሳ የበር ድንጋይ

ኦቦ በዳሳ ማረፋቸውን የነገረኝ ከጫንጮ ድርቆሽ ጭኖ የመጣ ሹፌር ነው። ሊያረዳኝ ብሎም አይደለም። ስለ መንገዱ ሲያማርር በመሃል፣ የአንድ ሽማግሌ ቀብር ስለነበር ከሰዉ ብዛት የተነሳ መኪና ማለፍ አልቻለም፣ ሰውዬው ግን ሲበዛ ተሳዳቢ ነበሩ አሉ፣ ብሎ ጣል አደረገው። በዚያ አገር ተሳዳቢ ሞልቷል፤ ሲሞት መንገድ የሚያዘጋ ተሳዳቢ ግን እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ስማቸውን ጠየቅሁት። አልተሳሳትኩም።

በማግስቱ በጠዋት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ጫንጮ ከሱሉልታ ያን ያህል ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ሆኖም አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እግሬ ረግጦት አያውቅም ነበር። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። የአጥሩ በር ላይ ስደርስ መንገዱ ስላደከመኝ፣ በሩ ጎን ባለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አረፍ አልኩ። መቼስ ለቅሶ ቤት ነው፣ አንድ ሰው ወጥቶ «ይግቡ እንጂ» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ማንም የለም። የኦቦ በዳሳ ልጅ ለሊሴ ከቤቱ ደጃፍ ብቅ ብላ አየችኝ። በደንብ አየችኝ፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ እጅ ነሳችኝና ተመልሳ ገባች። ሌሎች ለቀስተኞች በፊቴ ያልፋሉ። ለያንዳንዳቸው «ግቡ፣ ግቡ» ይባላል። ለኔ ምንም።

ቆሽቴ አረረ። ለቅሶ ቤት እኮ ጠላት እንኳ ግባ ይባላል። ከሱሉልታ ድረስ መጥቼ እንደ ለማኝ ደጅ ልቀመጥ? ተነስቼ ልመለስ ስል ዓይኔ የተቀመጥኩበት ድንጋይ ላይ አረፈ። መሃሏ ገባ ያለች፣ አንድ ጠርዟ የተሸረፈ። አወቅኋት። ይህች ድንጋይ ጫንጮ አልተወለደችም። እኔ የማውቃት ሱሉልታ ነው፣ ከዚህ በፊትም ስንት ጊዜ ተቀምጬባታለሁ። ስለዚህ አልተነሳሁም።

ኦቦ በዳሳ ፈረስ ገሪ ነበሩ። ከሱሉልታ ሜዳ እስከ ሰንዳፋ ድረስ የነከሰ፣ የረገጠ፣ ጌታውን የጣለ ፈረስ ሁሉ ተጎትቶ የሚመጣው እሳቸው ደጅ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲራመዱ ጉልበታቸው ግራና ቀኝ የሚከፈት ሰውዬ ነበሩ። ግራ ጆሯቸው ግማሽ ነው። ግማሹን የበላው ፈረስ ነው፤ እሳቸው ግን ፈረሱን አይወቅሱም። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከወንድሜ ጋር ስሰዳደብ ቆይቼ፣ ስድቡን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ በቀጥታ ገባሁበት» ነበር የሚሉት። ወንድማቸውን ግን እስኪሞት ድረስ ይቅር አላሉትም። ጆሮዬን የበላው እሱ ነው ይላሉ።

ድንጋይቱ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የጋጣው አጥር በር ላይ ተከሏት። ወደ ፈረስ የሚገባ ማንም ሰው፣ ባለቤቱም ይሁን ባላባት፣ መጀመሪያ እሷ ላይ ይቀመጣል። ኦቦ በዳሳ ፊቱ ቆመው «ማል ፊዴ ዱፍቴ? ምን ይዘህ መጣህ?» ይሉታል። ሰውዬው ፈረሴን ለማየት ነው የመጣሁት ካለ አይሆንም፤ እሳቸው የሚጠይቁት ሆዱ ውስጥ ስላለው ነው። ከሚስቱ ተጣልቶ ይሆናል፤ ፍርድ ቤት ተቀጥሮ ይሆናል፤ ወይም እንዲያው ፈርቶ ይሆናል። ያለውን ከተናገረ «እንግዲህ እዚህ አስቀምጠው፤ ማንም አይወስድብህም፤ ስትወጣ ታገኘዋለህ» ይባልና ትንፋሹ እስኪሰክን ተቀምጦ ይገባል። ምንም የለኝም ያለ ሰው ይመለሳል። አንድ ጊዜ የአጥቢያችን ቄስ በቅሏቸውን ሊወስዱ ሲጣደፉ መጡ። ኦቦ በዳሳ እጃቸውን ስመው፣ መስቀላቸውን ተሳልመው፣ «አባ፣ ዛሬ ይመለሱ፤ ሆድዎ ውስጥ ሌላ ሰው አለ» አሏቸው። ቄሱ ተቆጥተው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን መጥተው ሳይጠየቁ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

ይህን የሰማ ሰው ኦቦ በዳሳ እንደ ባሕታዊ የሰከኑ ሰው ይመስሉታል። ወይ መስሎት። እኚህ ሰውዬ ከአጥራቸው ውጭ ያገሩ አንደኛ ቁጡ ነበሩ። ከወፍጮ ቤቱ ጋር ተጣልተዋል፤ ከዕድራቸው ሰብሳቢ ጋር ተጣልተዋል፤ ዝናብ ዘግይቶ ሲመጣ ከዝናቡም ጋር ይጣላሉ። ሲሳደቡ በአማርኛ ይጀምሩና የአማርኛው ሲያልቅ ወደ ኦሮምኛው ይሻገራሉ። እና ያ ሁሉ ቁጣ ድንጋይቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ከጎረቤታቸው ከታፋ ጋር በድርቆሽ ማጨጃ ድንበር ሲሰዳደቡ እኔ ነበርኩ። አንዲቱን ስድብ ግማሽ ላይ አቋርጠው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ተነፈሱ፤ ገቡ። ግማሽ ቀን አንዲት ባዝራ እያሻሹ፣ በአፍንጫቸው እያዜሙ ቆዩ። ከዚያ ወጡ፣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ፣ ተነስተው ታፋ ማሳ ድረስ ሄዱና ስድቡን ካቆሙበት ቃል ቀጠሉ። ታፋም የዋዛ አይደለም፤ መልሱን ይዞ ይጠብቅ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ የቀኛዝማች መኩሪያ ጸሐፊ ነበርኩ። ቀኛዝማች ሱሉልታ ላይ ሰፊ መሬት ነበራቸው፤ የኦቦ በዳሳ ጎጆና ጋጣም ያረፈው በዚሁ መሬት ላይ ነው፤ ጭሰኛቸው ናቸው። ቀኛዝማች ማዕረጋቸውን ያገኙት በወንበር ነው። ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ውስጥ ወንበር ሲያሞቁ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ መሬታቸው መጡ። እዚህ ሲደርሱ አንድ ነገር ጎደላቸው፤ የፈረስ ስም። ያኔ ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፣ አባ እንትና ይባላል። ሌላው ሰው በመጀመሪያ ፈረስ ይኖረዋል፣ ይጋልባል፣ ስሙ ከዚያ ይመጣል። ቀኛዝማች ግን ስሙን አስቀደሙ። አባ ነጎድጓድ። ማኅተሙንም አስቀረጹ። ፈረስ መፈለግ የተጀመረው ማኅተሙ ካለቀ በኋላ ነው።

ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ዳማ ነበር፤ ለዓይን የሚያሳሳ። ችግሩ ቀኛዝማች ፈረስ ይፈራሉ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ ይህን አልናገርም ነበር። ሲፈሩ ደግሞ ይጮኻሉ። እሳቸው ሲጮኹ ፈረሱ ይደነግጣል፤ እሱ ሲደነግጥ እሳቸው ይብስባቸዋል፤ ሲብስባቸው ይበልጥ ይጮኻሉ። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ጣላቸው። ሦስተኛው ጊዜ ድርቆሽ ክምር ላይ ስለወደቁ ነው እንጂ ታሪኩ እዚያው ያበቃ ነበር። ድርቆሹን ከጢማቸው እያራገፉ ኦቦ በዳሳን አስጠሩ። ጥምቀት ስምንት ሳምንት ገደማ ቀርቶት ነበር።

«ይሄ ፈረስ ንቆኛል» አሉ። «ለጥምቀት በሕዝብ ፊት እቀመጥበታለሁ። ያን ቀን ቢጥለኝ እሱ ጥይት ይቀምሳል፣ አንተ መሬቴን ትለቃለህ።»

ኦቦ በዳሳ ፈረሱን ይዘው ወረዱ። በአራተኛው ቀን ሁኔታውን አይተህ ንገረኝ ተብዬ ተላክሁ። ፈረሱ ያለ ገመድ ከኋላቸው ይከተላቸዋል። ነጎድጓድ የሚለውን ስም ጆሮው ሰምቶት አያውቅም፤ እሳቸው ሱታ ነው የሚሉት፣ ቀስ ማለታቸው ነው። ድንጋዩ ላይ አስቀመጡኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ጠየቁኝ። ፈረሱ ምንም አልሆነም፤ መገራት ያለባቸው ሰውዬው ናቸው፤ ግን ጌታን የሚያህል ሰው ፈርተሃል ወይ ተብሎ ድንጋይ ላይ እንዴት ይቀመጣል? እኔ ምን ልበል። ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ የታዘዝኩትን መጻፍ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ኦቦ በዳሳ ቀኛዝማች ዘንድ ቀረቡና፣ ለጥ ብለው እጅ ነስተው፣ ፈረሱ ታሟል አሉ። በሽታው የድንጋጤ በሽታ ነው። እኔ ላድነው አልችልም፤ የሚያድነው የባለቤቱ እጅ ብቻ ነው። መድኃኒቱም ይህ ነው፤ ጌታዬ በየማለዳው ፀሐይ ሳትበረታ ይመጣሉ፤ ጠመንጃም አሽከርም አያስከትሉም፤ በሩ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የገዛ ትንፋሽዎን መቶ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ገብተው አንድ እፍኝ ሣር በእጅዎ ያበሉታል። አንዲት ቃል ካወጡ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። እኔ እዚያው ቆሜ ሳቄን ለመዋጥ ምላሴን ነክሻለሁ። ቀኛዝማች ግን በጥሞና ሰሙ። ፈሪ ነህ ቢባሉ ሰው ይገድላሉ፤ የታመመ ፈረስ አስታም ሲባሉ ግን ኩራት ተሰማቸው።

ሰባት ሳምንት እንደ ጾም ጠበቁት። እኔ ሰው ሆኜ ስለማልቆጠር አጅቤ እንድሄድ ተፈቀደልኝ። አጥሩ ሥር ተቀምጬ የፈረሱን ጤና በየቀኑ በደብተር እመዘግባለሁ፤ ትዕዛዝ ነው። «ፈረሱ ዛሬ ከትናንት ይሻላል።» «ፈረሱ ሣሩን ሳይደነግጥ በላ።» የሚሻለው ማን እንደሆነ ዓይን ላለው ሁሉ ይታያል። በመጀመሪያው ሳምንት የቀኛዝማች እጅ ሣሩን ያራግፈው ነበር። በሦስተኛው ፀና። በአምስተኛው ፈረሱ ግንባሩን ደረታቸው ላይ አሳረፈ፤ እሳቸውም ዝም ብለው ቆሙ። ቤታቸው ውስጥ ጩኸት ጠፋ። ወይዘሮዋ ባለቤታቸው ምን ነክቷቸው ይሆን ብለው ጠበል ሊያስጠምቋቸው አሰቡ።

አንድ ቀን ኦቦ በዳሳ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው ደብተሬን አዩ። ማንበብ አይችሉም። ግን በሱሉልታ ሜዳ ላይ የየትኛው ሰው ፈረስ እንዳለፈ ጭቃው ላይ ካለው ኮቴ የሚለዩ ሰው ናቸው። ጽሑፌን ብዙ ጊዜ ወስደው ተመለከቱና «ያንተ ሲሄድ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ መጨረሻ ላይ እግሩን ያነሳል» አሉኝ። ሳቅን። እውነታቸውን ነበር፤ የመስመሩን መጨረሻ ፊደል ሽቅብ መጎተት የልጅነት ልማዴ ነው።

ከጥምቀት ሦስት ቀን በፊት የቀኛዝማች ባለቤት ወንድም ከአዲስ አበባ መጣ። የወተት ላም ማርባት አስቧል፤ ውኃ ያለበት መሬት ይፈልጋል። ዓይኑ ያረፈው ኦቦ በዳሳ ግቢ ላይ ነው፤ ጋጣው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ቀኛዝማች ጠሩኝና ጻፍ አሉኝ። ከጥምቀት በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ በዳሳ የተባለው ጭሰኛ መሬቱን እንዲለቅ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ሲያዙ ይጮኻሉ፤ ሲጮኹ ይደክማቸዋል፤ ሲደክማቸው ይተዉታል። ጩኸታቸው ስንቱን ጭሰኛ አድኗል። አሁን ግን ሰባት ሳምንት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰክነዋል። እጃቸውን አጣጥፈው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ አንዲት ቃል ሳያበላሹ አስጻፉኝ። አባ ነጎድጓድ የሚለውን ማኅተምም ረጋ ብለው አሳረፉበት። ፈረሱ ቢጥላቸውም ባይጥላቸውም ልዩነት አልነበረውም ማለት ነው። እኔስ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። በሚያምር ጽሕፈት ጻፍኩት።

የከተራ ዕለት ጠዋት የፈረሱን የበዓል ዕቃ ይዤ ኦቦ በዳሳ ደጅ ደረስኩ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ይዘህ መጣህ ሲሉኝ ምንም አልኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ። በዓል ስለሆነ ይሁን ስለወደዱኝ አላውቅም፣ ምንም የለኝም ያለ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይመልሱ ቀሩ፤ አስገቡኝ። እጄን ወደ ፈረሱ አንገት ሰደድኩ። ሰባት ሳምንት የለመደኝ ፈረስ ነው። የአንገቱ ቆዳ ከእጄ ሥር ተንዘረዘረ፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈና አንድ እርምጃ ሸሸ።

ኦቦ በዳሳ እኔን አላዩኝም። ፈረሱን ነው ያዩት። «ተናገር» አሉኝ ቀስ ብለው።

ነገርኳቸው። መሬቱን፣ የወይዘሮዋን ወንድም፣ ሁለቱን ሳምንት። ፊታቸው ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰም፤ ጋጣ ውስጥ ናቸዋ። ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ወረቀቱን የጻፈው ማነው?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። «አዲስ አበባ ተጽፎ ነው የመጣው።»

ፈረሱ ሁለተኛ እርምጃ ሸሸ። ኦቦ በዳሳ ልጓሙን ከእጄ ተቀበሉና «ሂድ እንግዲህ፣ ከተራው እንዳያልፍህ» አሉኝ። እኔ እግዜር ይመስገን አላወቁም ብዬ ሄድኩ።

የጥምቀት ዕለት ሜዳው በሰው ነጭ ሆኗል። ታቦቱ ከውኃው ዳር ተነስቷል። ቀኛዝማች የበዓል ካባቸውን ለብሰው ይጠብቃሉ፤ ጠመንጃ የያዘ አሽከራቸው ከጎናቸው ቆሟል፤ ፈረሱ ግን የለም። ጸሐፊው ሮጠህ አምጣ ተባልኩ። ስደርስ ኦቦ በዳሳ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ንጹሕ ጋቢ ለብሰዋል፤ ሁለት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ፊታቸው እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ እንዲያ ናቸው አሉኝ። እኔ ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። ይህን ሆድ ይዘው ፈረሱን ከሳቡት፣ ፈረሱ ሰውዬውን ታቦቱ ፊት አንስቶ ይፈጠፍጠዋል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ቢፈጠፈጡ የጻፍኩት ወረቀት የሚሰረዝ መስሎኝ ነበር፣ እንዴት እንደሚሰረዝ ባላውቅም።

ቆይተው፣ ቆይተው፣ ረጅም ትንፋሽ አወጡና ተነሱ። ገቡ። ሲወጡ ገመዱ እጃቸው ላይ ላልቶ ተንጠልጥሏል፤ ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከኋላቸው ይመጣል። ቀኛዝማች ተቀመጡበት። ከበሮው፣ እልልታው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ፤ ፈረሱ ጆሮውን እንኳ አላዞረም። ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞሩ፤ አንድ ጊዜም ሶምሶማ ሄዱ። አንድ አዝማሪ አባ ነጎድጓድ ብሎ ሲያሞግሳቸው ቀኛዝማች ዕንባ አቀረሩ።

ፈረሱ ተመለሰ። ኦቦ በዳሳ ኮርቻውን አወረዱ፤ ላቡን ጠረጉ፤ ውኃ አጠጡት። ከዚያ ወጡና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ያስቀመጡትን አንስተው በቀጥታ ቀኛዝማች ዳስ ገቡ፤ በእንግዳው ሁሉ ፊት ቆሙ።

«ፈረሱ አልታመመም ነበር» አሉ። «በሽተኛው እርስዎ ነበሩ። ያዳንኩት እርስዎን ነው፤ ባላዳንኩ።»

ከዚያ ያጠራቀሙት ስድብ ሁሉ ተከተለ፤ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አለቀ። ቀኛዝማች አልተቆጡም። አሁን መቆጣት ትተዋል። ሰክሯል፣ አውጡት፣ አሉ ረጋ ብለው። ኦቦ በዳሳ በሕይወታቸው ጠላ እንኳ ቀምሰው አያውቁም፤ ፈረስ ሽታውን አይወደውም ይላሉ። እንደ ሰካራም ተጎትተው ወጡ።

ከዳሱ ውጭ ደግፌ ሳነሳቸው አላስችል አለኝ። «ለምን አልተዉትም ነበር? ይጥላቸው ነበር እኮ» አልኳቸው።

«ቢጥላቸው ጥይቱ የሚተኮሰው በኔ ላይ ነው እንዴ?» አሉ። ጋቢያቸውን አራግፈው ሄዱ።

ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን ደረሳቸው፤ አንድ አሽከር ነው ያደረሰው፣ እኔ አሞኛል ብዬ ቀርቻለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ቤታቸውን አፍርሰው ወደ ጫንጮ፣ ወደ አዴ ጫልቱ ዘመዶች ተጓዙ። የቤቱን እንጨት ጭነው ቦታ ሲቀር ድንጋይቱን በአራት ሰው አስነስተው ጋሪው ላይ ጫኗት። መንገድ ላይ ያያቸው ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው አለ። ኦቦ በዳሳ እስከ ጫንጮ ድረስ ቀኛዝማችን፣ አማቻቸውን፣ ዘር ማንዘራቸውን እየተሳደቡ ነው የሄዱት። ብቻ ስድቡ ሲመጣባቸው ቆም ይሉና ጋሪው እስኪርቅ ይጠብቃሉ፤ እዚያው ኋላ ቀርተው ተሳድበው ሲጨርሱ ሮጠው ይደርሱበታል። ጋሪውን የሚጎትተው ፈረስ እንዳይሰማ ነው።

ሱታ ግን ሱሉልታ ቀረ፤ የቀኛዝማች ነውና። በዓቢይ ጾም መጀመሪያ፣ በገበያ ቀን፣ ቀኛዝማች ከአማቻቸው ጋር በመሬቱ ድንበር ተጨቃጭቀው ትኩስ እንደሆኑ ፈረሱ ላይ ወጡ። ቅቤ ተራ መሃል ጣላቸው። እኛ አሁን በጥይት ነው ስንል፣ ቀኛዝማች ከቅቤው ውስጥ ተነስተው በሽታው አገረሸበት አሉ። ምን ያድርጉ? ፈረሱ በሽተኛ ካልሆነ በሽተኛው ማን ሊሆን ነው? መድኃኒቱን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ፈረሱ ለሁለት ሳምንት ታክሞ እንዲመለስ ተብሎ ጫንጮ ተላከ። አርጅቶ እስኪሞት እዚያው ኖረ።

በየወሩ ቀኛዝማች ደብዳቤ ያስጽፉኛል። የነጎድጓድ ጤና እንዴት ነው? ከጫንጮ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፤ በአንድ ዲያቆን እጅ የተጻፈ፤ «ገና አልዳነም።» ቀኛዝማች አልጋቸው ላይ አርፈው አልቃሾች አባ ነጎድጓድ እያሉ ሲያለቅሱላቸው፣ ነጎድጓድ የተባለው ጫንጮ ላይ ድርቆሹን ያኝክ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ አንድ ጊዜ እንኳ ራሴ ይዤ ልሂድ አላልኩም። ሥራ በዛብኝ እል ነበር። ውሸቴን ነው። ምን ይዘህ መጣህ መባልን ፈርቼ ነው።

ይህን ሁሉ ሳስብ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ደርሳ ኖሯል። በቃ፣ ይበቃል ብዬ ጉልበቴን ይዤ ተነሳሁ። ገና ከመቆሜ ለሊሴ ከደጃፉ ወጥታ መጣች፤ ከበር ጀርባ ስትጠብቀኝ የቆየች ነው የሚመስለው።

«ተነሡ ጋሼ?» አለችኝ። «አባዬ ነግሮን ነው። ያ ጸሐፊ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፤ ራሱ እስኪነሳ ግባ እንዳትሉት፤ የሚያስቀምጠው ብዙ ነው፣ ብሎን ነበር።»

ተከትያት ገባሁ። ግቢው ውስጥ አንዲት ዳማ ባዝራ ታስራለች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ጣል ብሎባታል። የሱታ ልጅ ናት አለችኝ ለሊሴ። እንዲያው ሳላስበው እጄን ወደ አንገቷ ሰደድኩ። ቆዳዋ ከእጄ ሥር ተንዘረዘረ። ጆሮዋን ለጥፋ አንድ እርምጃ ሸሸች።

ለሊሴ እኔን አላየችኝም። ባዝራዋን ነው ያየችው፣ ልክ እንደ አባቷ።

ተመለስኩ። በለቀስተኛው መሃል አልፌ ወጣሁና ድንጋዩ ላይ እንደገና ተቀመጥኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ለራሴ እንኳ ጮክ ብዬ ያላልኩት ነገር ነው።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ከመሬቱ የነቀላችሁን ወረቀት። ሲጠይቁኝ ዋሽቻቸዋለሁ።»

ለሊሴ ነጠላዋን ሰብስባ ከጎኔ ቆመች።

«እናውቃለን እኮ ጋሼ» አለችኝ። «አባዬ ማንበብ ባይችልም ኮቴ ይለያል። ወረቀቷ የመጣች ዕለት ገና ሲያያት፣ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ መጨረሻ ላይ እግሩን ያነሳል፣ የሱ ነው ብሏል። በየወሩ ይልኩት የነበረውን ሁሉ ከሷ ጋር አንድ ላይ አስሮ አስቀምጦታል።» ወደ ቤቱ ዞር አለች። «በሉ ጨርሱና ይግቡ። ንፍሮው እየቀዘቀዘ ነው።»